ተረቱ ቀን አለው፣ ትንበያው የለውም

«ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ነሐሴ 13። የደቡብ ጎንደሯ ከተማ ስሟን የምትጋራው በዓል። አባባሉ ስለ ዝናብ የተሰጠ ትንበያ ነው፤ ያውም ደፋር ትንበያ። ቀን ቆርጦ ይናገራል። ነሐሴ 14 ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ሰማዩን ያየ ሁሉ «ልክ ነው» ወይም «ተሳስቷል» ሊለው ይችላል። ተሳስቶም ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ፣ ሺዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ቡሄ አልፎ ክረምቱ ግን ገና አልሄደም ነበር። አባባሉ ሳተ፤ መሳቱንም ሁሉም አየ።

አሁን የዘመኑን ትንበያ ተመልከቱ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ መግለጫ ይነገራል። የአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ምዕራብና መካከለኛ ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀለላሉ። ዝናቡ «መደበኛ»፣ «ወደ መደበኛው የተጠጋ»፣ «ከመደበኛ በላይ የመሆን አዝማሚያ ያለው» ይባላል። «በአንዳንድ ቦታዎች» የምትል ሐረግ ትታከላለች። ፎገራ በጎርፍ ቢዋጥ «በአንዳንድ ቦታዎች» ተብሎ ነበር። ስማዳ ላይ ማሽላው ቢደርቅም «በአንዳንድ ቦታዎች» ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ትንበያ ሊሳሳት አይችልም። ሊሳሳት የማይችል ትንበያ ደግሞ ለማንም ሊጠቅም አይችልም።

ክሱ በባለሙያዎቹ ዕውቀት ላይ አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከቆመ አራት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የወቅት ትንበያ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በአህጉሩ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ነው። ያኔ መሣሪያው ቀላል ነበር፤ የፓስፊክ ውቅያኖስን ሙቀት ማየት፣ ከዚያ ዘንድሮን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትን ፈልጎ ዝናባቸውን ማነጻጸር። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ አምስት በላይ ክረምቶች አልፈዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከእነዚህ ክረምቶች ውስጥ ለደብረ ታቦር፣ ለነፋስ መውጫ፣ ለወረታ ስንቱ ያዘ? ስንቱስ ሳተ? ይህን ቆጥሮ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ለጋይንት ገበሬ ያሳየው ማን ነው?

ቆጠራው ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። በተቋሙ ውስጥ የሠሩት ድሪባ ቆሬቻ ከኖርዌዩ ተመራማሪ አስጌር ሶርተበርግ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 የተሰጡትን የወቅት ትንበያዎች ከወረደው ዝናብ ጋር አመሳክረው በ2013 አሳትመዋል። ውጤቱ ትንበያው የብዙ ዓመታትን አማካይ ዝም ብሎ ከመናገር እንደሚሻል፣ ብልጫው ግን ደካማ እንደሆነ የሚያሳይ ነበር። ሐቀኛ ሥራ ነው። ግን በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር የምርምር መጽሔት ላይ ወጣ። በትንበያው ተማምኖ ዘር የገዛው ሰው ስለ ትንበያው የተጻፈውን አላነበበም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ጉድለት ለሌሎች ሐኪሞች ብቻ ነግሮ ለበሽተኛው ዝም ቢል ምን ይባላል?

«መደበኛ» የሚለው ቃል ራሱ መፈታት አለበት፤ ብዙው ጥፋት እዚያ ውስጥ ተደብቋልና። የ30 ክረምቶችን ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ዝቅተኞቹ 10 «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ የላይኞቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለዚህ ሰማይን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ለእያንዳንዱ 33 ከመቶ ዕድል ሰጥቶ ሊተነብይ ይችላል። ትንበያው «40 ከመቶ ከመደበኛ በላይ» ካለ፣ ከዚያ ምንም ከማያውቅ ሰው የሚበልጠው በ7 ነጥብ ብቻ ነው። 60 ከመቶው አሁንም በሌላኛው በኩል ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ሳይንሱ የደረሰበት ነው። ነውሩ ቁጥሩ መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሲወርድ ሲዋረድ፣ «40 ከመቶ» የነበረው «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ሆኖ ይደርሳል። ጥርጣሬው ተላጦ ተስፋው ብቻ ይቀራል።

ቁጥሩ ቢደርስ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። የወቅቱ ትንበያ የሚናገረው ስለ አራት ወር ጠቅላላ ዝናብ ነው፤ ገበሬው የሚኖረው ግን በቀናት ውስጥ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። እንበልና ሁለት ማሳዎች በክረምቱ እኩል 900 ሊትር በካሬ ሜትር አገኙ። አንዱ ላይ ዝናቡ ተመጥኖ ወረደ። ሌላው ላይ ሰኔ መጨረሻ ተቋርጦ ሁለት ሳምንት ጠፋ፣ ከዚያ ነሐሴ ላይ በአንድ ጊዜ ተደፋ። በወረቀት ላይ ሁለቱም «መደበኛ» ናቸው። በጎተራ ግን አንዱ እህል፣ ሌላው ገለባ ነው። የፋርጣ ድንች አብቃይ መቼ እንደሚጀምር፣ በመካከል ስንት ቀን እንደሚቋረጥ፣ መቼ እንደሚያቆም ይጠይቃል። የሚመለስለት «ጠቅላላው መደበኛ ነው» የሚል ነው። ሰዓት ለጠየቀ ሰው ዓመተ ምሕረት እንደ መንገር ነው።

በደቡብ ጎንደር ይህ ጣጣ እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱ ጉና ነው። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ጣና ደግሞ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በመካከላቸው ያለው መንገድ በመኪና የጥቂት ሰዓት ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ደግሞ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃሉ። እዚያ ዝናቡ ያንሳል፤ ሴፍቲኔት የገባውም ወደዚያ ነው። በዚህ ዞን አንድ ክረምት ለፎገራ ሩዝ አብቃይ ጎርፍ፣ ለስማዳ ገበሬ ድርቅ፣ ለጉና ግርጌ ገብስ ዘሪ በረዶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል «መደበኛ» ያወጣል። ያ መደበኛ ግን የትም ቦታ አልዘነበም፤ ማንም አልቀመሰውም።

መለኪያውስ? ደብረ ታቦር የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ አላት። ነፋስ መውጫ፣ አዲስ ዘመንና ወረታም የዝናብ መዝገብ ያላቸው ቦታዎች ናቸው። የዝናብ መለኪያው ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ጣሳ መሰል መቀበያ፣ ማጠራቀሚያና ቁጥር የተጻፈበት ብርጭቆ ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንድ ሰው ሄዶ፣ አንብቦ፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል። በብዙ ቦታ ይህን የሚያደርገው ሰው የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ሳይሆን በጥቂት ክፍያ የሚያገለግል የአካባቢው ነዋሪ ነው። የአገሪቱ የዝናብ ዕውቀት በሙሉ የተሠራው በዚህ ሰው እጅ ነው። ዛሬ ያላነበበውን ነገ ማንም ሊያነብለት አይችልም። የትናንት ዝናብ ሁለተኛ አይዘንብም።

ለዚህም ነው ጦርነት የዝናብ መዝገብን ጭምር የሚገድለው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ዙሪያ ብዙ ጣቢያዎች ጸጥ አሉ። ያ ክፍተት እስከ ዛሬ በአገሪቱ የዝናብ ታሪክ ላይ እንደ ተቀደደ ገጽ ይታያል፤ ተመራማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲፈራ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያውን ማን ያነባል? ከሃያ ዓመት በኋላ «የ2016 ክረምት በጋይንት እንዴት ነበር?» ለሚል ሰው መልሱ ባዶ መስመር ከሆነ፣ ያ ባዶ መስመር በስሌት ተሞልቶ «መደበኛ» ተብሎ ይጻፋል።

«ሳተላይት አለ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ውለታውም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሳተላይት የተገመተ የአፍሪካ ዝናብ መዝገብ አለ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ቱፋ ድንቁና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚቲዎሮሎጂ ተቋሙ ጋር ሆነው የሳተላይቱን ግምት ከመሬት ጣቢያዎች ንባብ ጋር አዋሕደው፣ አገሪቱን በ4 ኪሎ ሜትር ካሬ ከፋፍለው የዝናብ ካርታ ሠርተዋል። በአፍሪካ አርአያ የሆነ ሥራ ነው። ግን ሳተላይቱ ዝናብ አያይም፤ ደመና ያያል። ብዙው ስሌት «የደመናው ራስ በጣም ከቀዘቀዘ ከሥሩ እየዘነበ ነው» ከሚል ግምት ይነሣል። ተራራ ላይ ይህ ይስታል። እርጥብ ነፋስ ጉናን ገጭቶ ሲወጣ፣ ራሱ ብዙም ሳይቀዘቅዝ ዝናቡን የሚያራግፍ ደመና ይፈጠራል። ከላይ የሚያየው ዓይን «ደረቅ ነው» ይላል፤ ከታች ያለው እረኛ በስብሷል። ሳተላይቱን የሚያርመው የመሬቱ ጣሳ ነው። ጣሳው ከተጣለ እርማቱም ይቀራል።

አሁን ከጉና በጣም ርቆ ወደ ሰሜን ዋልታ መሄድ ይጠቅማል። እዚያ የሚያርስ የለም። ግን የአርክቲክ ባሕር በረዶ ከእ.ኤ.አ. 1978 መጨረሻ ጀምሮ በሳተላይት ሳይቋረጥ ይለካል። በረዶና ውኃ የሚለቁት የማይክሮዌቭ ጨረር ስለሚለያይ፣ ደመናም ጨለማም ሳይጋርደው፣ በየ25 ኪሎ ሜትሩ ካሬ ውስጥ ከመቶ ስንት እጁ በረዶ እንደሆነ ይሰላል። ከመቶ 15 እና ከዚያ በላይ የሆነው ካሬ «በረዶ አለበት» ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ደንብ ለሁሉም የተነገረ ነው። ስህተቱም የተነገረ ነው፦ በበጋ የበረዶው ገጽ ሲቀልጥ የሚቋጥረው ኩሬ ሳተላይቱን ያሞኘዋል፤ በረዶውን ክፍት ባሕር አድርጎ ያነበዋል። ሳይንቲስቶቹ ይህን አይደብቁም። ከቁጥሩ ጋር አያይዘው ይናገራሉ።

ከመለካቱ ይልቅ የሚያስቀናው ግን የትንበያቸው ባህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከተለያዩ አገሮች ያሉ የምርምር ቡድኖች የመስከረሙን የበረዶ ስፋት ገና በሰኔ ይተነብያሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይም ይደግማሉ። እያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን በስሙ ያስመዘግባል። መስከረም ሲያልፍ ሁሉም ትንበያ ከተለካው ጎን ለጎን ተደርጎ ይወጣል። በ2012 በረዶው ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ በሳተላይት ዘመን ታይቶ የማያውቅ ዝቅታ። አብዛኞቹ ተንባዮች ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥተው ነበር፤ ሳቱ። በ2013 ደግሞ በረዶው ሲያገግም አብዛኞቹ ከእውነታው በታች ተነበዩ፤ እንደገና ሳቱ። ታዲያ ምን አደረጉ? ተቀምጠው ቆጠሩ። በ2014 በወጣ ጥናት ትንበያቸው ዓመቱ ከለመደው መስመር ሳይወጣ ሲቀር ጥሩ፣ ዓመቱ ሲያፈነግጥ ግን ደካማ መሆኑን ራሳቸው ጻፉ። ማንም አልተባረረም፤ ማንም «እምነት ያሳጣል» ብሎ አልሸሸገም።

ይህን ለደቡብ ጎንደር ተርጉሙት። ለገበሬው የሚያስፈልገው ትንበያ ዓመቱ የሚያፈነግጥበት ጊዜ ነው። እንደ ወትሮው የሚሆነውን ክረምትማ አያቱም ያውቁታል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ ክረምቱን ሲያናጋ፣ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር። የትንበያ ዋጋ የሚመዘነው በእንዲህ ያለ ዓመት ነው። ሳይንሱ ደግሞ የሚደክመው እዚያው ላይ ነው። የፓስፊክ ሙቀት ወዴት እንደሚያመራ ለማወቅ ከባዱ ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ የእኛ የክረምት ትንበያ የሚዘጋጀው ከዚያ ጫፍ ላይ ነው። ገበሬው ይህን የማወቅ መብት አለው። ግንቦት ላይ የተነገረው ሰኔ መጨረሻ ሊሻሻል እንደሚችል፣ የትኛውን ውሳኔ ማዘግየት እንደሚያዋጣ፣ የትኛውን እንደማያዋጣ ማወቅ ይገባዋል።

ሦስት መከራከሪያ ይነሣል። የመጀመሪያው «ገበሬው ከመቶ ይህን ያህል የሚባል ነገር አይገባውም» የሚል ነው። ይህ ንቀት ነው። የፋርጣ ገበሬ ማሳውን ከፋፍሎ ግማሹን ገብስ፣ ግማሹን ድንች የሚያደርገው፣ አንዱን ከተዳፋቱ ሌላውን ከሜዳው የሚዘራው ለምንድን ነው? አንዱ ቢከዳ አንዱ እንዲያጎርሰው ነው። ዕድልን አመዛዝኖ መኖር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «ከአሥር ክረምት አራቱ» ብትሉት ይገባዋል። የማይገባው «ወደ መደበኛው የተጠጋ» የሚለው ነው። እሱ ደግሞ ለማንም አይገባም።

ሁለተኛው «ስህተትን ማሳተም እምነት ያጠፋል» የሚል ነው። እምነትን ያጠፋው የተሸሸገ ስህተት ነው። ገበሬው የትንበያውን መሳት ከመጽሔት አይደለም የሚያውቀው፤ ከጎተራው ነው። አንዴ በተነገረው ተማምኖ በብድር የገዛው ዘርና ማዳበሪያ ውኃ ከበላው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሬዲዮው ሲናገር ድምፁን ይቀንሳል። «ከአሥሩ ስድስቱን እንይዛለን፣ አራቱን እንስታለን» የሚል ተቋም ግን በሳተበትም ዓመት ቃሉን ጠብቋል።

ሦስተኛው «በዚህ ግጭት መካከል ስለ ዝናብ መለኪያ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ተገላቢጦሹ ነው እውነቱ። መንገድ ተዘግቶ እርዳታ በማይገባበት ዘመን አስቀድሞ ማወቅ ብቸኛው ስንቅ ነው። ደግሞም የዝናብ መለኪያ የማንም ወገን አይደለም። አንባቢውን መጠበቅ፣ ጣቢያውን ከምሽግነት ማራቅ፣ መዝገቡን ከዝርፊያ ማዳን፣ መሣሪያ ያነሣም ያላነሣም ሊስማማበት የሚገባ ትንሹ ነገር ነው። ሁሉም የሚበላው ከዚያው ዝናብ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ሰማይ መቆጣጠር አይደለም፤ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

አንደኛ፣ የወቅት ትንበያው ቁጥሩን እንደያዘ ቀበሌ ድረስ ይውረድ። «40፣ 35፣ 25» ተብሎ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አጠገቡ «ምንም ባይታወቅ ኖሮ 33፣ 33፣ 33 ይሆን ነበር» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ተቋሙ ያለፈውን ወቅት ገምግሞ ማቅረቡ ይመሰገናል፤ አንድ እርምጃ ይጨምር። በየጣቢያው፣ በየዓመቱ፣ ምን ተብሎ ምን እንደወረደ በአማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች በአንድ ሠንጠረዥ ያውጣ። ከደብረ ታቦር ይጀመር። የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች አጠገቡ አሉ፤ ቆጠራውን በገለልተኛነት ሊሠሩት ይችላሉ። ተንባዩ ራሱን ብቻ የሚያርም ከሆነ ፈተናውን ፈታኙም ተፈታኙም እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የዕለት ዝናብ መዝገብ በደብዳቤ ተለምኖ የሚገኝ መሆኑ ይብቃ። የውጭ ሳተላይት ግምት ለማንም በነጻ ክፍት ሆኖ፣ በገዛ አገር ሰው እጅ የተነበበው ቁጥር በመዝገብ ቤት መቆለፉ አሳፋሪ ነው። ገበሬውም፣ ተማሪውም፣ መድን ሰጪውም ይየው።

አራተኛ፣ በጉና ዙሪያ በየከፍታው መለኪያ ይተከል። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በጤና ኬላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። የሚያነበውም ሰው የሥራውን ክብደት የሚመጥን ክፍያ ያግኝ። በጉና ላይ የወረደው ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ከላይ ጠዋት 3 ሰዓት የተነበበ ቁጥር በስልክ ታች ቢደርስ፣ ቢያንስ ከብቶቹ ከሜዳው ይወጣሉ።

ሰው የማያርስበትን ባሕር ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ሳያቋርጥ የለካ ዓለም አለ፤ በሳተ ቁጥርም ስህተቱን አደባባይ ያወጣል። ሰው የሚያርስበት፣ የሚበላበት፣ የሚሞትበት ተራራ ከዚያ ያነሰ አይገባውም። በሚቀጥለው ግንቦት መግለጫው ሲነበብ ጋዜጠኛው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ለነፋስ መውጫ ያላችሁት ያዘ ወይስ ሳተ?» መልሱ ቁጥር ካልሆነ፣ የተነገረው ትንበያ አልነበረም።